ያለ ጳጳስ የምትተዳደር ቤተ ክርስቲያን

ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሰንበቴ፥ ገበያዋ የሚቆመው ከስሟ ጋር በሚስማማው ቀን፥ በእሑድ ነው። በዚያ ዕለት አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ከቆላው እየነዳ፥ ኦሮሞው ከብቱንና እህሉን ይዞ፥ አርጎባውና አማራው ከየቀበሌው ተነሥቶ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ይህን ያህል ሰው፥ ይህን ያህል ቋንቋና ሃይማኖት ባንድ ቀን ባንድ ስፍራ ሲሰበሰብ አለመግባባት አይጠፋም። ትናንት ጤነኛ ነው ተብሎ የተሸጠ በሬ ዛሬ ታሞ ይገኛል፤ ከወር በፊት የጠፋች ፍየል በሌላ ሰው እጅ ትታያለች፤ በዱቤ የተሰጠ እህል ዋጋው ሳይከፈል ይቀራል። ፖሊስም ፍርድ ቤትም አለ። ነገር ግን በወሎ ምድር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ኦሮሞው «ጃርሳ» ይለዋል፤ በብዙ የወሎ አገር ደግሞ «አበጋር» የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ፥ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ያከብራል።

ለእነዚህ ሰዎች ሥልጣን የሰጣቸው የድምፅ ቆጠራ አይደለም። ዕድሜያቸው፥ ጠባያቸውና ያተረፉት ስም ነው። የተናገሩት ሁሉ በሰው ትዝታ ላይ ይቀራል እንጂ በመዝገብ ላይ አይሰፍርም። በፍርዳቸው ያልተደሰተ ሰው ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ይሄድ ይሆናል እንጂ፥ ከእነርሱ በላይ ወደ ተቀመጠ ሌላ የሽማግሎች ሸንጎ ይግባኝ የሚልበት የተደላደለ መንገድ የለውም።

እስቲ አንባቢያችን አንድ ነገር በሐሳቡ ይሳል። እነዚህ ሽማግሎች በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው፥ ቃለ መሐላ ፈጽመው፥ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ኖሯቸው ቢሰየሙ፤ ከእነርሱ በላይ የአውራጃው ሽማግሎች፥ ከአውራጃውም በላይ የአገሩ ሁሉ ሽማግሎች ቢቀመጡ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንድም ሰው፥ ጳጳስም ቢሆን ፓትርያርክም ቢሆን፥ ብቻውን የሚያዝዝ ባይኖር ምን ዓይነት አስተዳደር ይሆናል? ይህ የሕልም አስተዳደር አይደለም። ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉት ክርስቲያኖች ከ400 ዓመት በላይ የሠሩበት ነው። ሥርዓቱም ወደ አገራችን ከገባ 100 ዓመት አልፎታል፤ የተተከለውም ከሰንበቴ ርቆ በምዕራብ ዳርቻ፥ በቄለም ምድር ነው። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ «ዓ.ም.» ያልነው ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሽማግሌና ቄስ አንድ ቃል ነበሩ

ስሙ ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል። በግሪክ ቋንቋ «ፕሬስቢቴሮስ» ማለት ሽማግሌ ማለት ነው። እንግሊዞች ካህናቸውን «ፕሪስት»፥ ፈረንሳዮችም «ፕሬትር» የሚሉት ይህንኑ ቃል እያሳጠሩ ነው። የእኛም አገር ቃል ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀሲስ የሚለው የግዕዝ ቃል ከሱርስት የመጣ ሲሆን፥ በሱርስት ሽማግሌ ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 «ሽማግሌዎች» የተባሉትና ለቲቶ በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 1 «ቀሳውስት» የተባሉት በግሪኩ ዘንድ አንድ ቃል ናቸው።

ተርጓሚው አንዱን በዚህ፥ ሌላውን በዚያ ቢጽፍ የሚገርም አይደለም፤ ክርክሩ ግን የተነሣው ከዚሁ ላይ ነው። ሽማግሌና ቀሲስ አንድ ከሆኑ፥ ከቀሳውስቱ በላይ የተቀመጠው ጳጳስ ሥልጣኑን ከየት አገኘው? የጥንቶቹ አብያተ ክርስቲያናት፥ የእኛም ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጭምር፥ ከሐዋርያት ጀምሮ በአንብሮተ እድ ሲወራረድ የመጣ ነው ብለው ይመልሳሉ። ፕሬስቢቴሪያኖች ግን ሽማግሎቹ በአንድነት ሲቀመጡ ያላቸው ሥልጣን ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም ይላሉ። የትኛው እውነት እንደ ሆነ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛ የምንመለከተው፥ ጳጳሱ ከተነሣ በኋላ ወንበሩን ምን እንደ ተካው ነው።

የተካውም የአውራጃ ጉባኤ ነው። እነርሱ «ፕሬስቢተሪ» ይሉታል።

ጉባኤው እንዴት ይቀመጣል

ከታች እንጀምር። በእያንዳንዱ አጥቢያ ምእመናኑ ከመካከላቸው ሽማግሎችን ይመርጣሉ። ሽማግሌ መባላቸው ለማዕረጉ ነው እንጂ ለዕድሜያቸው አይደለም፤ የሠላሳ ዓመት አስተማሪም ሊመረጥ ይችላል። በስኮትላንድ አንድ ጊዜ የተሾመ ሽማግሌ ማዕረጉን እስከ ዕድሜ ልኩ ይይዛል። በአሜሪካ ግን የተመረጠው ሰው በጉባኤው ላይ የሚቀመጠው ለተወሰነ ዘመን፥ ብዙውን ጊዜ ለሦስት ዓመት ነው። እነዚህ ሽማግሎች ከቄሱ ጋር ሆነው የአጥቢያውን ጉባኤ ያቆማሉ። ቄሱ ሰብሳቢ ነው፤ ሰብሳቢ መሆኑ ግን ከሽማግሎቹ ፈቃድ ውጭ ገንዘብ ለማዘዝ ወይም አባል ለማስወጣት አያስችለውም።

የአውራጃው ጉባኤ የሚቆመው ከእነዚህ ነው። በአንድ አውራጃ ያሉት ቀሳውስት ሁሉ፥ ከእነርሱም ጋር ከየአጥቢያው የተላኩት ሽማግሎች ይቀመጣሉ። የሁለቱ ወገን ቁጥር በተቻለ መጠን እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ድምፅም በሚሰጥበት ጊዜ የቄሱና የገበሬው ሽማግሌ ድምፅ አንድ ነው። ሰብሳቢው ከመካከላቸው ለአጭር ጊዜ ይመረጣል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ወንበሩ ተመልሶ እንደ ማንኛውም ሰው እጁን እያወጣ ይናገራል። ለብዙ ዓመት በቦታው የሚቆየው ጸሐፊው ነው። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፥ አለቃው ሲለዋወጥ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ጸሐፊ ኀይሉ ቀላል አይደለም፤ በእነዚህም ጉባኤዎች እንዲሁ ነው።

የአውራጃው ጉባኤ ሥራ ጳጳስ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው። ቄስ ለመሆን የሚያስብ ወጣት ከጉባኤው ፊት ቀርቦ ይመረመራል፤ ሃይማኖቱን ይጠየቃል፥ ስብከት እንዲሰብክ ይታዘዛል፤ በቀድሞ ዘመንስ ግሪክና ዕብራይስጥ ሳያውቅ አያልፍም ነበር። ምርመራውን ሲያልፍ ጉባኤው በአንድነት እጁን ጭኖ ይሾመዋል። አንድ አጥቢያ ቄስ ሲፈልግ መርጦ ይጠራል፤ ጥሪው ግን ጉባኤው ካላጸደቀው አይጸናም። ጉባኤው የየአጥቢያውን ቃለ ጉባኤ መዝገብ እያስመጣ ይመረምራል፥ ስሕተት ሲያገኝ ያርማል፥ ደኅና ሆኖ ሲያገኘው መመርመሩን ጽፎ ይመልሳል። አዲስ አጥቢያ የሚተክልም፥ የደከመውን ከጎረቤቱ ጋር የሚያዋሕድም እርሱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ደንብ አለ። ቄሱ የሚያገለግለው በአጥቢያው ነው፤ አባልነቱ ግን የአጥቢያው አይደለም፥ የአውራጃው ጉባኤ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ የቀረው ሁሉ በዚህች ደንብ ላይ ይዞራል።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። ባንድ የገጠር አጥቢያ ለቤተ ክርስቲያን ጣራ የተዋጣው ገንዘብ ጠፋ፥ ቄሱም ተጠረጠረ። ጳጳስ ባለበት አስተዳደር ምእመናኑ ለጳጳሱ አቤት ይላሉ፤ ጳጳሱ ፍርድ ዐዋቂ ከሆነ ነገሩ ባጭር ቀን ያልቃል፥ ለቄሱ ያደላ ከሆነ ግን አቤቱታው ከመሳቢያ ይቀራል። እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን በሚያስተዳድርበት ዘንድ ደግሞ ምእመናኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው እጅ በማውጣት ቄሱን ያባርሩታል፤ ሌባ ሆኖ ሊሆን ይችላል፥ አንድ ባለጸጋ ተጣልቶት አድማ አሳድሞበትም ሊሆን ይችላል። በሽማግሎች አስተዳደር ግን የአጥቢያው ሽማግሎች ቄሱን ሊፈርዱበት አይችሉም፥ አባላቸው አይደለምና። ክሱን በጽሑፍ ወደ አውራጃው ጉባኤ ይልካሉ። ጉባኤውም ከሌሎች አጥቢያዎች ቀሳውስትና ሽማግሎች አውጥቶ መርማሪዎች ይሰይማል። እነዚህ ሰዎች ከዚያ መንደር ዘመድም ባላንጣም የሌላቸው ናቸው። ሁለቱን ወገን ይሰማሉ፥ መዝገቡን ይቈጥራሉ፥ ያዩትን ጽፈው ለጉባኤው ያቀርባሉ። የተፈረደበት ወገን ይግባኙን ወደ ሲኖዶስ፥ ከዚያም ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስዳል። ተከሳሹ ቄስ ሳይሆን ተራ አባል ወይም ሽማግሌ ቢሆን ግን መጀመሪያ የሚሰማው የአጥቢያው ጉባኤ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው፥ ትዕግሥትም ይጨርሳል። ነገር ግን ድኻው ምእመን ከባለጸጋው፥ ብቸኛው ቄስም ከአድመኛው የሚጠለልበት ጥላ በዚህ ርዝመት ውስጥ ያለ ይመስለናል።

ሥልጣን ከላይ ወደ ታች ብቻ አይፈስስም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በ1697 ባወጣችው ሕግ መሠረት ጠቅላላ ጉባኤው በሃይማኖት ወይም በአስተዳደር ረገድ ትልቅ ለውጥ ለማድረግ ሲያስብ፥ ረቂቁን ወደ አውራጃ ጉባኤዎች ሁሉ መላክ አለበት። ከእነርሱ የሚበዙት ካልተስማሙ ረቂቁ ይወድቃል። ሕጉ «የማገጃ ሕግ» የሚል ስም አለው። በዋናው ከተማ በአንድ ሳምንት ስሜት የተወሰነ ነገር ወደ ገጠር ወርዶ እንዲበርድ የታሰበ ይመስላል።

ንጉሥ ያልወደደው ጉባኤ

ይህ ሥርዓት ያለ ጠብ አልተተከለም። በጄኔቭ ከተማ ዮሐንስ ካልቪን በ1541 ባወጣው ደንብ አራት ዓይነት አገልጋዮችን ለየ፤ እነርሱም እረኞች፥ መምህራን፥ ሽማግሎችና ዲያቆናት ናቸው። ዮሐንስ ኖክስ ከዚያ ያየውን ይዞ ወደ አገሩ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ፤ የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤም በ1560 በኤድንበራ ተሰበሰበ። የአውራጃ ጉባኤዎች መቋቋም የጀመሩት ግን 20 ዓመት ቆይቶ፥ በ1581 ነው። በ1592 ፓርላማው ሕጋዊ አደረጋቸው።

ንጉሡ ዠምስ 6ኛ ነገሩ አልጣመውም። ጳጳስ ቢኖር ሾሞ ያዝዘዋል፤ በየአውራጃው የተቀመጠ፥ ሰብሳቢውም በየጊዜው የሚለወጥ ሸንጎ ግን በማን በኩል ይያዛል? በ1596 እንድርያስ መልቪል የተባለው ሊቅ የንጉሡን እጅጌ ይዞ፥ በስኮትላንድ ሁለት መንግሥት እንዳለና በሁለተኛው፥ በክርስቶስ መንግሥት ውስጥ፥ ንጉሡ አባል እንጂ ራስ እንዳልሆነ ፊት ለፊት ነገረው። ዠምስ የእንግሊዝን ዘውድ ከደረበ በኋላ በ1604 በሃምፕተን ኮርት በተደረገው ክርክር ላይ፥ ጳጳስ ከሌለ ንጉሥም አይኖርም ብሎ የተናገረው ከዚህ ሁሉ ምሬት በኋላ ነው። አንድ ቃል ተሳስቷል አንልም፤ ልጁ ቻርልስ ጳጳሳትንና የጸሎት መጽሐፍን በስኮትላንድ ላይ ለመጫን ሲታገል በተነሣው ጦርነት መጨረሻ ላይ ዘውዱንም አንገቱንም አጣ። ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1690 የሽማግሎቹ ሥርዓት በስኮትላንድ ጸና።

እስከ ዛሬ ድረስ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ በኤድንበራ ሲሰበሰብ የንጉሡ እንደራሴ ይመጣል፥ በታላቅ ክብርም ይቀበሉታል። የሚቀመጠው ግን ከአዳራሹ በላይ በተሠራ ሰገነት ላይ ነው። ያ ሰገነት እንደ ጉባኤው ክፍል አይቈጠርም፤ እንደራሴውም በጉባኤው ውሳኔ ድምፅ የለውም።

ስደተኞቹ ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን ሥርዓቱን ወደ አሜሪካ ወሰዱት። የመጀመሪያው የአውራጃ ጉባኤ በፊላደልፊያ በ1706 ተቋቋመ፤ ሲኖዶስ የሆነው በ1717፥ ጠቅላላ ጉባኤ የተሰበሰበውም በ1789 ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ በአሜሪካ አስቀድሞ የተወለደው የአውራጃው ጉባኤ ነው። የበላዮቹ የተሠሩት በእርሱ ላይ ነው።

የኅዳር በሽታ ያመጣው ሐኪም

ወደ አገራችን የመጣበት ምክንያት ደግሞ በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የፈጀው ወረርሽኝ፥ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው፥ በወለጋም ብዙ ሰው ጨረሰ። በሳዮ የነበሩት ገዥ ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል፥ በሱዳን ምድር ይሠራ የነበረውን የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢን ጠሩት። ዶክተሩም በዚያው ዓመት በጋምቤላ በኩል ወጥቶ ሳዮ፥ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ደረሰ። ሕክምናው ትምህርት ቤትን፥ ትምህርት ቤቱም ማኅበረ ምእመናንን አስከተለ። ላምቢ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጉለሌ ሆስፒታል አሠራ፤ የቄለም ሥራ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ።

ከመጀመሪያዎቹ ምእመናን አንዱ ጊዳዳ ሶለን ነበሩ። ገና በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዐይናቸውን አጥፍቶታል። እኒህ ሰው ቄስ ሆነው፥ ከቄስ ማሞ ጮርቃ ጋር የዚያችን ቤተ ክርስቲያን ሸክም ተሸከሙ። የሕይወት ታሪካቸው በ1972 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ልጃቸው ናቸው።

ፈተናው የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። አሜሪካውያኑ ሚሲዮናውያን አካባቢውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ገንዘቡም፥ መድኃኒቱም፥ የተማረው መምህርም አብሮ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በአንድ የውጭ አገር አለቃ ላይ ተንጠልጥላ ቢሆን ኖሮ ከአለቃው ጋር በሄደች ነበር። የአገሩ ቀሳውስትና ሽማግሎች ግን ቀሩ፥ ሰበኩ፥ አጠመቁ። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ትተዋት ከሄዱት የሰፋች ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የሚሲዮን ሞግዚት መሆን የማይመስል ነገር ነበር፤ ማኅበሩም ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በሚል ስም ራሱን ቻለ።

የቄለም ገበሬ ስለ ካልቪን ሰምቶ አያውቅም ይሆናል። ነገር ግን «ጃርሳ» ተሰብስቦ ነገር ሲያይ ከልጅነቱ ጀምሮ ተመልክቷል። አዲሱ ነገር ሽማግሌ መኖሩ ሳይሆን፥ ሽማግሌው መመረጡና የተናገረው መጻፉ ነበር።

ሁለት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓመት

1951 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ትልቅ ዓመት ነው። ሰኔ 21 ቀን አቡነ ባስልዮስ በካይሮ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ፤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ሲመጣልን የኖርንበት ረጅም ዘመን ፍጻሜውን አገኘ። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፥ ጥር 13 ቀን፥ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአራት ሲኖዶስ ተመሠረተች። ሁለቱም ነገሩን በራሳችን እጅ እናድርገው ብለዋል። አንደኛዋ ይህን የፈጸመችው በአባት፥ ሁለተኛዪቱ በጉባኤ ነው።

ይህን ስንል ኦርቶዶክሳዊቷ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን በር ዘግታለች ማለታችን አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን አቋቁሞ፥ ካህናትን፥ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ባንድ ጠረጴዛ አስቀምጧል። በሀገረ ስብከቱ ላይ ግን ሊቀ ጳጳሱ አለ። ልዩነቱ ያለው በዚህ በመካከለኛው እርከን ላይ ነው፤ አንዱ ዘንድ ወንበር፥ ሌላው ዘንድ አግዳሚ።

መካነ ኢየሱስ የሉተራውያን ልጅ ናት፥ ሚሲዮኖቿም ከስዊድን፥ ከጀርመን፥ ከኖርዌይና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ናቸው። አስተዳደሯ ከማኅበረ ምእመናን ወደ ሰበካ፥ ከሰበካ ወደ ሲኖዶስ፥ ከሲኖዶስ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይወጣል። አንባቢ እንደሚያየው ከፕሬስቢቴሪያኑ መሰላል ብዙ አይርቅም። ከ1963 እስከ 1985 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም ቄስ አልነበሩም፤ ከዘመናቸው ከፊሉን የመንግሥት ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ጳጳስ ባለበት ቤት ይህ አይታሰብም። ሽማግሌና ቄስ እኩል ድምፅ ባላቸው ዘንድ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1974፥ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፥ ቤቴል ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በአውሮፓና በአሜሪካ ሉተራውያንና የካልቪን ወገኖች ስለ ቅዱስ ቁርባን ምሥጢር ሲከራከሩ 400 ዓመት አሳልፈዋል። በእኛ አገር ግን አንዱ ለሌላው ሃይማኖቱን ለውጥ ሳይለው ባንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሥር ተቀመጡ። የቤቴል ሰዎች ስማቸውን አልጣሉትም፤ የምዕራብ ወለጋ ቤቴል ሲኖዶስ፥ የኢሉባቦር ቤቴል ሲኖዶስ የሚባሉት ከዚያ የቀሩ ናቸው።

ውሕደቱ ወዲያው ተፈተነ። ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተወሰዱ፥ ተገደሉም፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፥ ቀሳውስትና ሽማግሎች ታሰሩ። የአዲስ አበባው ዋና ቤትም ተወረሰ። ያን ጊዜ ምእመናኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ። ቁልፉን የወሰደው ካድሬ ሕንፃውን ዘጋ፤ በየመንደሩ የተበተነውን ሽማግሌ ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ሊጨርሰው አልቻለም።

ጉድለቱስ?

ይህን ሥርዓት የሚያማ ሰው ነገር አያጣም። ኮሚቴ ይወልዳል፤ ኮሚቴውም ንኡስ ኮሚቴ ይወልዳል። የአውራጃው ጉባኤ ሲሰበሰብ መንገዱ፥ ማደሪያውና ምግቡ ወጪ ነው፥ ከድኻ አጥቢያም ይወጣል። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ጉባኤን ሊነዳ ይችላል፤ ብዙ ድምፅም ሊሳሳት ይችላል። ሽማግሌ ሲባል ደግሞ ለብዙ ዘመን ወንድ ብቻ ይታሰብ ነበር። በመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤው ሴቶች በቅስና እንዲሾሙ የፈቀደው በ1997፥ የመጀመሪያዪቱ የተሾመችውም በ2000 ነው።

ጉባኤ ከባዕድ ወዳጁ ጋር የሚጣላበትም ጊዜ አለ። በ2013 የመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን፥ ከአሜሪካ ሉተራውያንና ወንጌሉን ወደ ቄለም ካመጡት ፕሬስቢቴሪያኖች ወራሾች ጋር ያለውን ግንኙነት በግብረ ሰዶም ጋብቻና ሹመት ምክንያት አቋረጠ። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚነቅፍም አለ። ከአስተዳደር አንጻር ሲታይ ግን የሚያስደንቀው ነገር፥ ከ100 ዓመት በፊት ሚሲዮናውያኑ ይዘውት የመጡት የጉባኤ ልማድ በመጨረሻ በእነርሱው ላይ ድምፅ የሰጠ መሆኑ ነው።

ዛሬ በስኮትላንድ ምእመኑም ቄሱም እያነሰ ስለ ሄደ፥ ከ40 በላይ የነበሩት የአውራጃ ጉባኤዎች እየተዋሐዱ ጥቂት ሆነዋል። በኢትዮጵያ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1951 ዓ.ም. በአራት ሲኖዶስ የጀመረችው መካነ ኢየሱስ ዛሬ ከ20 በላይ አላት፤ በራሷ ቈጠራ ምእመኖቿ ከ10 ሚሊዮን አልፈዋል። አዲስ ሲኖዶስ ሲከፈል ድንበሩ በየትኛው ወንዝ ላይ ይሁን፥ ስብሰባው በየትኛው ቋንቋ ይሁን የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ተጽፎ በየእርከኑ ወደ ላይ ይወጣል፥ መልሱም ከወራት በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመታት በኋላ፥ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይመለሳል።